ያ 13 ዓመት የባከነ አይደለም

ባለፈው ሳምንት አንድ ጓደኛዬ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። «አንብበህ ስትጨርስ ደውልልኝ» ብሎ። አንብቤ ስጨርስ አልደወልኩም። ቁጭ ብዬ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

ጽሑፉ ስለ ድሪም ቲያትር ነው። ለማያውቀው፣ ድሪም ቲያትር የአሜሪካ ፕሮግረሲቭ ሜታል ባንድ ነው፤ ምቱ የተወሳሰበ ከባድ ሮክ ማለት ነው። ከዘውጉ አንጋፋዎች አንዱ። ድራመሩ ማይክ ፖርትኖይ ከ25 ዓመት በኋላ በ2010 ባንዱን ለቆ ሲወጣ አድናቂዎቹ ምን እንደሆኑ ጽሑፉ ያነሳል። ከዚያ ይወቅሳል። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው።) ክሱ አራት ነው። ድራመር እንደ መኪና ጎማ ነው፣ ይቀየራል፣ ለእሱ ማልቀስ ልጅነት ነው ይላል። ፖርትኖይ ዝና ፈልጎ ጓደኞቹን ከዳ ይላል። በቦታው የመጣው ማይክ ማንጂኒ ነፍስ የሌለው ማሽን ነበር ይላል። በመጨረሻም፣ ፖርትኖይ በ2023 መመለሱ በመሃል ያለፈው 13 ዓመት ባክኖ እንደቀረ አሳይቷል ይላል።

ጸሐፊውን በአካል አላውቃቸውም። ሙዚቃውን እንደሚወዱት ግን ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። የማይወድ ሰው እንዲህ አይናደድም። መልስ መስጠቴም ለዚሁ ነው።

ከለቅሶው ልጀምር።

ዜናው የወጣው ሴፕቴምበር 8 ቀን 2010 ነው። በእኛ ጳጉሜ 3 ቀን 2002 መሆኑ ነው። ከተማው ለእንቁጣጣሽ ሽር ጉድ ይላል። በግ የሚጎትት አለ፣ ዶሮ አንጠልጥሎ የሚሄድ አለ። እኔ አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ወሬው እስኪከፈትልኝ እጠብቃለሁ። የዚያን ጊዜ ኢንተርኔት መቼም ይታወቃል። መጀመሪያ ርዕሱ መጣ። ቀጥሎ ግማሽ ፎቶ። ጽሑፉ እስኪመጣ ርዕሱን ደጋግሜ አነበብኩት። ከጎኔ የተቀመጠው ልጅ ዞር ብሎ አየኝና «ሰው ሞተብህ እንዴ?» አለኝ። ምን ብዬ ላስረዳው? ድራመር ወጣ ልበለው?

ጸሐፊው የዚያን ዓይነት ስሜት ልጅነት ይሉታል። እኔ ግን ዛሬም አላፍርበትም። ምክንያቱም ፖርትኖይ ድራም ብቻ መትቶ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው አልነበረም።

ባንዱ የተወለደው በ1985 ቦስተን፣ በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ ውስጥ ነው። ሦስት ተማሪዎች ናቸው የመሠረቱት። ጊታሪስቱ ጆን ፔትሩቺ፣ ቤዚስቱ ጆን ማያንግና ድራመሩ ፖርትኖይ። መጀመሪያ ስማቸው ማጀስቲ ነበር። በዚያ ስም የሚጠራ ሌላ ባንድ ስላለ ቀይሩ ተባሉ። አዲሱን ስም ያወጣው ማን መሰላችሁ? የፖርትኖይ አባት ናቸው። ካሊፎርኒያ ሞንተሬይ ውስጥ ድሪም ቲያትር የሚባል ሲኒማ ቤት ነበር። ስሙን ከዚያ ወሰዱት። እንግዲህ ይህን ሰው ነው ጎማ የሚሉት። ጎማ ለመኪናው ስም አያወጣም።

ሌላም አለ። በየምሽቱ መድረክ ላይ የሚጫወቱትን ዘፈን የሚመርጠው እሱ ነበር። ባንዱ ባለፈው ጊዜ በዚያ ከተማ ምን እንደተጫወተ ያይና፣ ተመልሶ የመጣ ሰው ያንኑ እንዳይሰማ ዝርዝሩን ይቀይራል። አንድ ሰው ቲኬት ገዝቶ ሁለተኛ ቀን ቢመጣ ሌላ ኮንሰርት ያያል። አንዳንዴማ የሌላ ባንድን አልበም ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው ይጫወቱ ነበር። የሜታሊካን፣ የአይረን ሜደንን፣ የፒንክ ፍሎይድን። ከ1999 ጀምሮ ደግሞ አልበሞቹን ከፔትሩቺ ጋር ፕሮዲዩስ ያደርግ ነበር። ከአድናቂ ጋር የሚያወራው፣ ለጥያቄ መልስ የሚሰጠው፣ የድሮ ቅጂዎችን አውጥቶ ለአድማጭ የሚያደርሰውም እሱ ነው። አድናቂው ባንዱን የሚያውቀው በእሱ በኩል ነበር ብል አላጋነንኩም።

ይህ ሁሉ ግን ለእኔ ዋናው አይደለም። ዋናው የሚከተለው ነው።

ፖርትኖይ የመጠጥ ችግር ነበረበት። ከዚያ የወጣበትን መንገድ ሙዚቃ አደረገው። የአልኮል ሱሰኞች የሚያገግሙበት ባለ 12 እርምጃ መንገድ አለ። እሱን በአምስት ዘፈን ከፋፍሎ በአምስት ተከታታይ አልበም ላይ አወጣው። የመጀመሪያው «ዘ ግላስ ፕሪዝን» በ2002፣ የመጨረሻው «ዘ ሻተርድ ፎርትረስ» በ2009። አንዱ ዘፈን ውስጥ የሰማኸው ዜማ ከዓመታት በኋላ ሌላው ውስጥ ብቅ ይላል። ግጥሙም እንደዚያው ይመለሳል። በዚህ መካከል ሰባት ዓመት አለፈ። ከመጠጥ ጋር የሚታገል አድማጭ ካለ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ አብሮት የሄደ ድራመር አለ ማለት ነው።

እኔ የዚህ ዓይነት ሰው በቅርብ አውቃለሁ። ስሙን አልጠራም። ሙዚቃውን ለእኔ ያስተዋወቀኝ እሱ ነው። ፍላሽ ላይ ጭኖ ሰጠኝ። ታክሲ ውስጥ የጆሮ ማዳመጫውን ለሁለት ተካፍለን ስንሰማ፣ በጣቶቹ ከፊት ያለውን ወንበር እየመታ ይቆጥርልኝ ነበር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። እንደገና አንድ። «ስምንት የለውም፣ አትጠብቀው» ይለኛል። የዚህ ሙዚቃ ጣዕም እዚያ ነው። ጆሮ ስምንተኛውን ይጠብቃል፣ አይመጣም፣ መሬት ከእግርህ ሥር የሸሸ ይመስልሃል። ድራመሩ ግን ይይዝሃል። ሌላው ሁሉ ሲሽከረከር መንገዱን የምታገኘው በእሱ ምት ነው። ታዲያ የያዘህ ሰው ሲሄድ ብትደነግጥ ምኑ ነው ልጅነቱ?

አንድ ነገር ልጨምርና ልለፍ። ድራመር ሁሌ ይተካል የሚለው ራሱ ትክክል አይደለም። ሌድ ዘፕሊን በ1980 ጆን ቦንሃም ሲሞት በሌላ አልተካውም። ባንዱን ዘጋ።

ሁለተኛው ክስ ክህደት ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው የነገሩን ቅደም ተከተል ግማሹን ትተውታል።

በዲሴምበር 2009 አቬንጅድ ሰቨንፎልድ የሚባል የሌላ ሜታል ባንድ ድራመር፣ ዘ ሬቭ የሚባለው፣ ሞተ። ገና 28 ዓመቱ ነበር። ባንዱ አልበም ሊቀዳ ተዘጋጅቶ ነበር። ሟቹ አብዝቶ የሚወደው ድራመር ፖርትኖይ ስለነበር እሱን ጠየቁት። ሄደና ቀዳላቸው። በ2010 አብሯቸውም ዞረ። እዚያ እያለ ለድሪም ቲያትር ጓደኞቹ እረፍት እንውሰድ አላቸው። ከ25 ዓመት ሥራ በኋላ ትንሽ እንተንፍስ ነው ያለው። አልተስማሙም። ባንዱ እንጀራቸው ነው። የእነሱ ብቻ አይደለም፣ አብሯቸው የሚሠራው ሰው ሁሉ እንጀራ ነው። በዚህ ተለያዩ። ወሩ ዲሴምበር ሲሆን የአቬንጅድ ሰቨንፎልድ ሥራም አበቃ። ፖርትኖይ ወደ ድሪም ቲያትር ልመለስ ብሎ ጠየቀ። አይሆንም ተባለ። ይህን ራሱ በአደባባይ ተናግሮታል።

እንግዲህ ከዳ የሚባለው የቱ ጋ ነው? የደከመው ሰው እረፍት ጠየቀ። ሊያርፉ የማይችሉት አይሆንም አሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው። ፖርትኖይ ቸኩሏል ብዬ አምናለሁ። ሦስት ወር ቢታገስ ኖሮ ምናልባት ሌላ ታሪክ እንጽፍ ነበር። ግን መቸኮል ሌላ፣ መክዳት ሌላ። ዝና ፈልጎ ነው የሚለውማ ጨርሶ አልዋጥልኝ አለ። የሞተ ሰው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ የሐዘንተኞቹን አልበም መቅዳት ዝና ከሆነ፣ እንዲህ ያለውን ዝና ማንም አይመኘውም።

አሁን ወደ ማንጂኒ። ብዙ ያንገበገበኝ ይሄ ነው።

ጸሐፊው ማሽን ነበር ይላሉ። ከየት እንዳመጡት አውቃለሁ። ማንጂኒ ከፍጥነት ጋር ስሙ የተያያዘ ሰው ነው። በዓለም ፈጣን ድራመር ውድድር ላይ በአንድ ደቂቃ ከ1,200 በላይ ምት መትቷል። በሰከንድ 20 ማለት ነው። ደግሞም ያለ ፖርትኖይ የተሠራው የመጀመሪያ አልበም፣ በ2011 የወጣው፣ ሲደረስ ማንጂኒ አልነበረበትም። የድራሙን ክፍል ፔትሩቺ በኮምፒውተር ፕሮግራም አድርጎ ነበር ያቆየው። ማንጂኒ መጣና ከዚያ ተነስቶ ተጫወተው። ስለዚህ በዚያ አልበም ላይ ትንሽ የታጠረ ይመስላል ቢሉ አልከራከርም። እኔም ይሰማኛል። በ2013ቱ አልበም ላይ የስኔሩ (ሹል ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ድራም) ድምፅ ደረቅ ነው የሚሉም አሉ። ልክ ናቸው። ግን የስኔር ድምፅ እንዴት እንደሚወጣ የሚወስነው ሚክሲንጉ፣ የተቀዳው ድምፅ የሚመጣጠንበት ሥራ ነው። ለዚያ ድራመሩን መክሰስ አግባብ አይደለም።

የቀረውን ግን አልቀበልም።

በኦክቶበር 2010 ሰባት ድራመሮች ኒው ዮርክ ተጠርተው ተፈተኑ። በዓለም ስማቸው የሚጠራ ሰዎች ናቸው። ቨርጂል ዶናቲ ነበር፣ ማርኮ ሚኔማን ነበር፣ ቶማስ ላንግ ነበር። ሦስት ዘፈን አጥንተው እንዲመጡ ተነገራቸው። አንዱ «ዘ ዳንስ ኦፍ ኢተርኒቲ» ነው። ስድስት ደቂቃ የምትሆን ግጥም የሌላት ሙዚቃ፣ ምቷ ግን ቁም ስቅል ታሳያለች። ሰባት ስትቆጥር ወደ አምስት ትሄዳለች፣ አምስቱን ስትይዝ ስድስት ትሆናለች። ፈተናው ተቀርጾ ስለወጣ ሁላችንም አይተነዋል። ማንጂኒ ገብቶ ሲቀመጥ የሰውዬውን ዓይን ተመልከቱ። ለሥራ ቃለ መጠይቅ የመጣ አይመስልም። ዕድሜ ልኩን ሲጠብቀው የኖረው በር የተከፈተለት ነው የሚመስለው።

ያን ጊዜ በርክሊ መምህር ነበር። ባንዱ በተወለደበት በዚያው ኮሌጅ። የረጋ ሥራውን ለቀቀና መጣ። ዕድሜው ወደ 50 እየተጠጋ ነበር። በዚህ ዕድሜ ደመወዙን ትቶ፣ ግማሹ አድናቂ ሊጠላው ወደተዘጋጀ ባንድ የሚሄድ ማሽን አለ?

ሊጠላው ተዘጋጅቶ ነበር ስል ራሴንም ጨምሬ ነው። የመጀመሪያውን አልበም የሰማሁት ጥፋት ፍለጋ ነው። ጥሩ ነገር ሲመጣ ፖርትኖይ ቢሆን እንዴት ይመታው ነበር እላለሁ። ደካማ ነገር ሲመጣ አላልኩም? እላለሁ። ሰውዬውን ራሱን የሰማሁት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። በዚህ በጣም አዝናለሁ። ብዙዎቻችን ሐዘናችንን ያወረድነው ምንም ባላጠፋው ሰው ላይ ነው። ጸሐፊው ዛሬም ያንኑ ሸክም እየጫኑበት ነው።

እስቲ ሲጫወት ልብ ብላችሁ እዩት። ሁለቱም እጁ እኩል ይሠራል። ብዙ ድራመር ሃይ ሃቱን (በእግር የሚከፈትና የሚዘጋውን ጥንድ ሲምባል) የሚመታው ቀኝ እጁን በግራው ላይ አሻግሮ ነው። ማንጂኒ አያሻግርም። ድራሙ በግራም በቀኝም እንደ መስታወት ተመሳስሎ ነው የተዘረጋው። ሃይ ሃቱ በዚህም በዚያም አለ። ስለዚህ አንድ ምት በቀኝ ጀምሮ በመሃል ወደ ግራ ያዞረዋል። ዓይንህን ብትጨፍን መዞሩን አታውቅም። ሲዞር ፈገግ ይላል። ያቺን ፈገግታ ያየ ሰው ማሽን ይለዋል ብዬ አላምንም።

የቀረውን ሥራው ይናገር። ባንዱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለግራሚ የታጨው ለ2012ቱ ሽልማት ነው። ማንጂኒ በተጫወተበት በዚያ በመጀመሪያው አልበም ዘፈን ነው የታጨው። በ2018 አምስቱም የባንዱ አባላት ኒው ዮርክ ግዛት ሞንቲሴሎ ውስጥ አንድ ጎተራ ስቱዲዮ ገብተው፣ አብረው እያደሩ፣ አብረው እየበሉ በ2019 የወጣውን አልበም ሠሩ። እዚያ ላይ የማንጂኒ ግጥም አለ። «ሩም 137» ይባላል። በፊዚክስ ውስጥ ስላለው ዝነኛ ቁጥር ነው። በባንዱ ውስጥ የጻፈው የመጀመሪያ ግጥም ነው። በ2022 ደግሞ ባንዱ ግራሚ አሸነፈ። ከተመሠረተ ከ37 ዓመት በኋላ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። «ዘ ኤሊየን» በሚለው ዘፈን። ድራሙ ላይ ማንጂኒ ነው ያለው።

ገበያውም ቢሆን አልወደቀም። የፖርትኖይ የመጨረሻ አልበም በ2009 በአሜሪካው የአልበም ሰንጠረዥ በቢልቦርድ 6ኛ ሆኖ ገባ። የማንጂኒ የመጀመሪያው 8ኛ፣ ሁለተኛው 7ኛ።

ጸሐፊው በመሃል አንድ ነገር ጣል አድርገዋል። ይህ የፈረንጅ ጉዳይ ነው፣ እኛን ምን አገባን ዓይነት። ራሳቸው ይህን ሁሉ ገጽ ጽፈውበታል። ስለዚህ እንዳገባቸው ቆጥሬ አልፋለሁ።

የመጨረሻው ክስ መመለሱ ነው። ፖርትኖይ በኦክቶበር 25 ቀን 2023 እንደተመለሰ ተነገረ። በእኛ ጥቅምት 14 ቀን 2016። ያን ቀን እኔም ጮኼያለሁ። ያ ታክሲ ውስጥ የሚቆጥርልኝ ጓደኛዬ ደወለልኝና ሁለታችንም ለትንሽ ጊዜ ምንም አላወራንም። ጸሐፊው ግን ከዚያ ደስታ ተነስተው፣ እንግዲያው መሃሉ ባዶ ነበር ወደሚል ይሄዳሉ። እንዴት ብሎ? የተመለሰ ሰው ሊመለስ የቻለው ቤቱ ቆሞ ስለጠበቀው ነው። ቤቱን ማን አቆመው?

ማንጂኒ በዚያ ቀን ያለውን ያስታውሱ። ውሳኔውን እንደሚረዳው ተናገረ። ፖርትኖይ በባንዱ ውስጥ የነበሩትን ኃላፊነቶች ሁሉ መሙላት ከመጀመሪያውም የእሱ ቦታ እንዳልነበረ፣ የመጣው ድራም እየመታ ባንዱ እንዲቀጥል ለመርዳት እንደሆነ ተናገረ። አንዲት የምሬት ቃል አልወጣችውም። 13 ዓመት ካገለገለበት ቦታ ሲነሳ እንዲህ የሚል ሰው ስንት አለ? ያን ቀን የፖርትኖይን መምጣት ያከበርን ሁሉ ለዚህ ሰው ቆመን ማጨብጨብ ነበረብን። ብዙዎች አጨብጭበዋል። እኔ ዘግይቼም ቢሆን አሁን አጨበጭባለሁ።

ደግሞም በእነዚያ ዓመታት የተጣሉት ሰዎች በአንድ ጀምበር አይደለም የታረቁት። ፔትሩቺ በ2020 የራሱን አልበም ሲያወጣ ድራሙን የመታለት ፖርትኖይ ነው። በ2021 የድሮ ባንዳቸውን ሊኩዊድ ቴንሽን ኤክስፐሪመንትን ከድሪም ቲያትር ኪቦርዲስት ከጆርዳን ሩደስና ከቤዚስቱ ከቶኒ ሌቪን ጋር እንደገና አነሱት። በ2022 ፖርትኖይ ኒው ዮርክ ውስጥ የድሪም ቲያትርን ኮንሰርት ከተመልካች ጋር ሆኖ አየ። ድራሙ ላይ ማንጂኒ ነበር። አባቱ ስም ያወጡለትን ባንድ ከታች ሆኖ፣ ሌላ ሰው በእሱ ቦታ ተቀምጦ ሲጫወት መስማት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ይህ ሁሉ የሆነው ጸሐፊው ባዶ በሚሉት ዘመን ነው።

ኦክቶበር 20 ቀን 2024 ለንደን፣ ኦቱ አሬና። የባንዱ የ40ኛ ዓመት ጉዞ የጀመረበት ምሽት ነው። ፖርትኖይ ከ14 ዓመት በኋላ ድራሙ ላይ ተቀመጠ። የድሮዎቹን ተጫወቱ፣ ሰዉ አበደ። ከዚያ በመሃል «ባርስቱል ዋርየር»ን ጀመሩ። የ2019 ዘፈን ነው። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ዚስ ኢዝ ዘ ላይፍ»ን ተጫወቱ። የ2011 ነው። ሁለቱንም በአልበም ላይ የመታቸው ማንጂኒ ነው። ፖርትኖይ ተምሯቸው፣ አጥንቷቸው መጥቶ፣ በተመለሰበት የመጀመሪያ ምሽት ተጫወታቸው።